የካናቢስ ትምህርት በአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፦ በእርግጥ እጅ የሚያስነካው የቱ ነው?

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ቦልደር ከተማ፣ አንድ የታወቀ ቫን አለ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው የሚነዱት። ቫኑ ሄዶ የጥናቱ ተሳታፊ በር ላይ ይቆማል። ተሳታፊው ራሱ ከሱቅ የገዛውን ካናቢስ ቤቱ ውስጥ ይጠቀማል። ከዚያ ወጥቶ ቫኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደም ይወሰድለታል፣ የማስታወስ ፈተና ይሰጠዋል። ተመራማሪዎቹ ግን ካናቢሱን አይገዙትም፣ ለሰውዬው አይሰጡትም፣ ወደ ግቢያቸውም አያስገቡትም።

ኮሎራዶ ካናቢስን ለአዋቂዎች የፈቀደችው በ2012 በሕዝብ ድምፅ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። 21 ዓመት የሞላው ሰው ሱቅ ገብቶ ይገዛል። ያንኑ ዕቃ የሚያጠናው ሳይንቲስት ግን ቤተ ሙከራው (ላቡ) ውስጥ ሊያስገባው ስላልቻለ፣ ላቡን ጎማ አስገጥሞ ወደ ሰው ቤት ወሰደው።

«የተግባር የካናቢስ ትምህርት እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህ ቫን ትዝ ይበላችሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ብዙ የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ካናቢስ የሚል ስም ያለው ዲግሪ፣ ማይነር (ከዋናው ዲግሪ ጎን የሚደረብ አነስተኛ የትምህርት ዘርፍ) ወይም ሰርተፍኬት ከፍተዋል። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሲቀርቧቸው አንዱ የኬሚስትሪ ላብ ነው፣ ሌላው የሶሺዮሎጂ ክፍል ነው፣ ሌላው ደግሞ በኮምፒውተር ብቻ የሚከታተሉት ኮርስ ነው። ተማሪው ይህን ሳያውቅ ከገባ አራት ዓመትና ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ መጨረሻ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል።

## መጀመሪያ ሕጉ

ሕጉን ሳያውቁ ዩኒቨርሲቲዎቹን ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ በአጭሩ ልበለው።

በ1970 በወጣው የፌዴራል የቁጥጥር ሕግ ማሪዋና ስኬጁል ዋን የሚባለው ጥብቅ ምድብ ውስጥ ገባ። ክፍለ ሀገሮች የፈለጉትን ቢፈቅዱም፣ በዚህ ምድብ ያለን ነገር ለምርምር መያዝ የሚቻለው ዲኢኤ ከሚባለው የፌዴራል የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲገኝ ነው። ሌላም አለ። በ1989 የወጣ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ግቢው ውስጥ ሕገወጥ ዕፅን እንዲከለክል ያስገድዳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያለ ፌዴራል የምርምር ገንዘብና ያለ ተማሪዎች የፋይናንስ ድጋፍ መኖር አይችልም። ስለዚህ ይጠነቀቃል።

በሩን ከፈት ያደረገው የ2018ቱ የግብርና ሕግ ነው። ይህ ሕግ ሄምፕን ከማሪዋና ለየው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ተክል፣ ካናቢስ፣ ናቸው። ልዩነቱ ቲኤችሲ ነው፤ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ማለት ነው። በደረቅ ክብደት ዴልታ 9 የሚባለው ዋናው የቲኤችሲ ዓይነት ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ተክል ሄምፕ ተባለ፤ እንደማንኛውም ሰብልም በፈቃድ የሚዘራ ሆነ። ከዚህ ዓመት በኋላ ብዙ ፕሮግራሞች የተከፈቱት በአጋጣሚ አይደለም። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ለካናቢስ ምርምር ፈቃድ ማግኘትን ለማቅለል ሌላ ሕግ ተፈረመ። በግንቦት 2024 የፍትሕ ሚኒስቴር ማሪዋናን ላላ ወዳለው ምድብ፣ ወደ ስኬጁል ሦስት፣ ለማውረድ ሐሳብ አቀረበ።

በኅዳር 2025 በተፈረመ ሕግ ደግሞ የሄምፕ ትርጉም ጠበቅ ብሏል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጸናው አዲሱ ትርጉም ዴልታ 9ን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ቲኤችሲ ይቆጥራል። በሄምፕ ላይ የቆመ ፕሮግራም ልትገቡ ካሰባችሁ ይህ ይነካችኋል። ሕጉ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ከማመልከታችሁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ አጣሩ።

## በምን እንመዝናቸው?

ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ እጃችሁ የሚነካው ምንድን ነው? መልሱ ከአራት አንዱ ይሆናል። አንደኛው ማሪዋናው ራሱ ነው፤ ይህ የዲኢኤ ፈቃድ ያለው ግቢ ይፈልጋል፣ በጣም ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሄምፕ ነው። ሦስተኛው ከኬሚካል አቅራቢ የሚገዛ ንጹሕ የመለኪያ ናሙና ነው። አምፑል በሚባል ትንሽ የታሸገ የመስታወት ብልቃጥ ይመጣል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ይኖረዋል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ናሙናዎች ከዲኢኤ ፈቃድ ነፃ ሆነው ይሸጣሉ። አራተኛው ምትክ ተክል ነው። ለምሳሌ ለቢራ የሚውለው ሆፕስ የካናቢስ ቤተሰብ ነው፤ ጠረን የሚሰጡት ተርፒን የሚባሉት ውህዶች እሱም ውስጥ አሉ።

ምትክ ተክልም ሆነ አምፑል ዝቅ ተደርጎ መታየት የለበትም። መሣሪያውን መቆጣጠር፣ ናሙና ማዘጋጀት፣ ስሕተትን ማወቅ በእነሱም ይለመዳል። ሰብል ማብቀል ለመማር የፈለገ ሰው ግን በአምፑል ምንም አይማርም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ማን ነው የሚነካው? ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ስም ያለው የምርምር ማዕከል ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን ወደዚያ በር ላይደርስ ይችላል። ማዕከልና የትምህርት ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው፦ ዲግሪው ካናቢስ የሚለው ቃል ቢወጣለት ምን ይቀራል? ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ግብርና ወይም ፋርማሲ ከቀረ መሠረት አለው። ምንም ካልቀረ አደጋ ነው። ይህ ኢንዱስትሪ ዛሬ ይቀጥራል፣ ነገ ይበትናል። የውኃ ጥራት ላብ፣ የምግብ ቁጥጥር፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ግን ሁሌም መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።

ከዚያ ክፍያ ይመጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚረክሰው ለክፍለ ሀገሩ ነዋሪ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጣ በአብዛኛው ብዙ ይጨምራል። ለዚህ አንድ መውጫ አለ። በምዕራብ ክፍለ ሀገሮች መካከል ያለው ደብልዩ ዩ ኢ የሚባል የተማሪ ልውውጥ ስምምነት፣ የአባል ክፍለ ሀገር ተማሪ የሚከፍለውን ከነዋሪው ክፍያ 150 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያና ሰሜን ዳኮታ በዚህ ውስጥ አሉ። የፈለጋችሁት የትምህርት ዘርፍ በስምምነቱ መካተቱን ግን ጠይቁ፤ አንዳንድ ዘርፎች አይካተቱም።

በመጨረሻም ፕሮግራሙ ዘንድሮ አዲስ ተማሪ እየተቀበለ ነው ወይ? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። በዚህ መስክ ግን ፕሮግራም ቶሎ ይከፈታል፣ ቶሎም ይታጠፋል። ድረ ገጹ ከፕሮግራሙ በላይ ዕድሜ ሲኖረው ታያላችሁ።

## የኬሚስትሪው መንገድ፦ ሚሺጋንና ሰሜን ዳኮታ

በእኔ ግምት የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚፈልግ ሰው «የተግባር» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው በብዛት እዚህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ኖርዘርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ማርኬት ከተማ። በ2017 «የመድኃኒት ተክሎች ኬሚስትሪ» የሚል የአራት ዓመት ዲግሪ ጀመረ፤ በዓይነቱ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ስሙን ልብ በሉት፤ ካናቢስ የሚል ቃል የለውም። ይህ ብልህነት ነው። ተመራቂው ነገ ቫይታሚን ወይም የዕፅዋት መድኃኒት የሚመረምር ላብ ቢያመለክት ዲግሪው ያስኬደዋል። ሁለት አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ወደ ላብ ትንተና ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ ንግድ ሥራ። የላብ አቅጣጫው ከበድ ያለ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ የመሣሪያ ትንተና አለው። «ካናቢስ ስለሆነ ቀላል ይሆናል» ብሎ የሚመጣ ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይደነግጣል።

ሌክ ሱፔሪየር ስቴት ዩኒቨርሲቲም ሚሺጋን ነው፤ ሱ ሴንት ማሪ የምትባል የካናዳ ድንበር ከተማ ላይ። በ2019 ካናቢስ ኬሚስትሪ በሚል ስም ዲግሪ ጀመረ። ከመሣሪያ አምራቹ ከአጂለንት ጋር በመተባበርም ለዚሁ ሥራ የተለየ ላብ አቋቁሟል። ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትንሽነቱ እዚህ ጥቅም ይሆናል፤ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ብቻ የሚነካውን መሣሪያ እዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ያገኘዋል። የአራት ዓመቱ ለበዛበትም አጠር ያለ የሁለት ዓመት ዲግሪ አዘጋጅቷል።

ማይኖት ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ በ2019 ተመሳሳይ የመድኃኒት ተክሎች ኬሚስትሪ ዲግሪ ከፍቷል። ስሙ ብዙ አይነሳም። ምዕራብ አካባቢ ላለና በጀቱ ለጠበበ ሰው ግን መታየት አለበት።

እንግዲህ ላብ ውስጥ ምን ይሠራል? ቀላል ምሳሌ ልስጥ። ተክሉ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቲኤችሲ አይደለም፤ ቲኤችሲኤ የሚባል አሲድ ነው። ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ቲኤችሲ ይሆናል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው መሣሪያ ናሙናውን አሙቆ ስለሚለካ አሲዱን ራሱ ወደ ቲኤችሲ ይቀይረዋል። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማየት የፈለገ ሰው ሙቀት የማይፈልገውን፣ ውህዶችን በፈሳሽ ውስጥ እየለየ የሚለካውን ኤችፒኤልሲ የሚባል መሣሪያ ይጠቀማል። ከዚያ ስሌት አለ። አሲዱ በ0.877 ይባዛል፣ በነፃ ያለው ቲኤችሲ ይደመራል። 0.877 የመጣው ሞለኪዩሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲለቅ ከክብደቱ የሚቀረው 87.7 በመቶው ስለሆነ ነው። 20 በመቶ አሲድና 1 በመቶ ቲኤችሲ ያለው አበባ ጠቅላላ ቲኤችሲው 18.54 በመቶ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በወረቀት ማወቅና ናሙናውን ፈጭቶ፣ መዝኖ፣ በአልኮል አጥቦ፣ አጣርቶ፣ መሣሪያው ላይ ጭኖ ማውጣት በጣም ይለያያሉ። የሁለት ተማሪዎች ውጤት ለምን እንደተለያየ መፈለግ የሚያስተምረው ደግሞ ሌላ ነው። ከዚህ በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ሻጋታ፣ እርሳስና ካድሚየም የመሰሉ ከባድ ብረቶች ይለካሉ። ካናቢስ ብረትን ከአፈር የመሳብ ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ ይህ ለበሽተኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ልጅ የትም አይወድቅም። መሣሪያው ካናቢስ ይሁን የሕፃናት ወተት አይለይም።

## ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፑዌብሎ፦ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አንድ ላይ

ፑዌብሎ ላይ የካናቢስ ምርምር ኢንስቲትዩት በ2016 ተቋቋመ። ክፍለ ሀገሩ ገንዘብ መድቦለታል። ዩኒቨርሲቲው በ2020 የካናቢስ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ዲግሪ ጀመረ። ሁለት አቅጣጫ አለው። አንዱ የተፈጥሮ ውጤቶች ይባላል፤ ወደ ባዮሎጂ ያመዝናል። ሌላው ትንተናዊ ኬሚስትሪ ነው።

ከሚሺጋኖቹ የሚለየው ተክሉንም ሞለኪዩሉንም አንድ ላይ መያዙ ነው። ጀነቲክስና የዕፅዋት ባዮሎጂ ለሚስበው ሰው ይሻላል። ከተማዋ ዙሪያም እርሻና ኢንዱስትሪው አለ፤ ልምምድ መፈለግ ከባዶ አይጀመርም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዲግሪው ላይ ካናቢስ የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። አንዳንድ ቀጣሪ ይወደዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ያጠቁራል። ከዚህ ዲግሪ ጎን የኬሚስትሪ ማይነር መደረብ ብልህነት ነው እላለሁ።

## ሚሲሲፒ፦ እውነተኛው ተክል ያለበት ቦታ

ስለ ካናቢስ ምርምር ሲወራ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን መዝለል አይቻልም። ከ1968 ጀምሮ ለፌዴራል መንግሥት በውል ካናቢስ ያበቅላል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በአገሪቱ ለምርምር የሚውል ሕጋዊ ካናቢስ የሚገኘው ከዚህ አንድ ግቢ ብቻ ነበር። ዲኢኤ ለሌሎች አብቃዮች መፍቀድ የጀመረው በ2021 ነው። የሚገርመው ክፍለ ሀገሩ ራሱ ለሕክምና የፈቀደው በ2022 መሆኑ ነው። እርሻው ከክፍለ ሀገሩ ሕግ በ54 ዓመት ይቀድማል።

ሥራውን ለአሥርት ዓመታት የመሩት ማህሙድ ኤልሶህሊ ናቸው። በፖሊስ የተያዙ ናሙናዎችን እየመረመሩ የካናቢስ ጥንካሬ እንዴት እንደተለወጠ ያሳየው ጥናት የእሳቸው ቡድን ነው። በ1995 አማካይ ቲኤችሲው 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደረሰ። የዛሬው ካናቢስ የድሮው አይደለም ሲባል የምትሰሙት በአብዛኛው ከዚህ ሥራ ነው።

ታዲያ ለተማሪ ይሆናል? ለዶክትሬት ተማሪ፣ አዎ። የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ ከተፈጥሮ ውጤቶች ምርምር ማዕከሉ ጋር አንድ ላይ ይሠራል፤ ከዕፅዋት መድኃኒት ፍለጋ ላይ ሥር የሰደደ ዕውቀት አለ። በአሜሪካ የሳይንስ ዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት አበል ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ጎበዝ ተማሪ ይህን መንገድ አይናቅ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን «እርሻው አለ» ብላችሁ አትሂዱ። እርሻው የታጠረና የተጠበቀ ነው፤ የመማሪያ ክፍል አይደለም።

## ሜሪላንድ፦ ለነርስና ለፋርማሲስት

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት፣ ባልቲሞር፣ በ2019 የሕክምና ካናቢስ ሳይንስና ሕክምና የሚል የማስተርስ ዲግሪ ጀመረ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ማስተርስ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ በአብዛኛው በኦንላይን ነው። ለመጀመሪያው ዙር 150 ተማሪዎች ገቡ።

በእጅ የሚነካ ተክል የለም። ትምህርቱ የላብ ሥራም አይደለም። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ሥራ ላይ ላለች ነርስ ወይም ለፋርማሲስት የሚያስፈልገው ፓይፔት የሚባለው የላብ ፈሳሽ መለኪያ አይደለም። ካናቢስ ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ምን ይሆናል? ለየትኛው ሕመም ማስረጃ አለ፣ ለየትኛው ወሬ ብቻ ነው? በሽተኛ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሙሉ ቀን እየሠራ ለሚማር ሰው ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ላብ የሚፈልግ ግን ስሙን ብቻ አይቶ እንዳይገባ።

## ካል ፖሊ ሃምቦልት፦ ተክሉ ሳይሆን ሰዉ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው ሃምቦልት ካውንቲ ከሜንዶሲኖና ከትሪኒቲ ጋር ሆኖ በካናቢስ አብቃይነቱ የታወቀ አካባቢ ነው፤ ኤመራልድ ትሪያንግል ይሉታል። እዚያ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ ማሪዋናን ከብዙ የዕውቀት ዘርፎች የሚያጠና ኢንስቲትዩት ነበረው። በ2023 ደግሞ የካናቢስ ጥናት የሚል የመጀመሪያ ዲግሪ ጀመረ። ሁለት ትኩረት አለው፤ የአካባቢ ጥበቃ፣ እና ፍትሕና እኩልነት።

የማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ ነው። ግቢ ውስጥ ማብቀል የለም። «የተግባር» የሚባለው ከገበሬዎች ጋር መነጋገር፣ ወንዝና ደን ላይ የደረሰውን ጉዳት ማጥናት፣ ፈቃድ የሚሰጠውን ሕግ መመርመር ነው። በፖሊሲ፣ በማኅበረሰብ ሥራ ወይም በሕግ መቀጠል ለሚፈልግ ልጅ የተለየ ዕድል ነው። በዕፅ ሕግ ምክንያት የታሰሩ ሰዎችና ዛሬ ፈቃድ ያገኙት ለምን እንደሚለያዩ የሚያሳስበው ሰው እዚህ ቤቱ ነው።

## በሌላ ዲግሪ ላይ የሚደረቡት

እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው የሚስማማው ይህ ነው። ዋናውን ዲግሪ ግብርና ወይም ባዮሎጂ አድርጎ ካናቢስን እንደ ማይነር መደረብ። ኪሳራው ትንሽ ነው።

ኒው ጀርሲ ያለው ስቶክተን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የካናቢስ ጥናት ማይነር ጀመረ፤ ሕጉን፣ ሕክምናውንና ንግዱን ይነካል፣ ወደ ልምምድም ያገናኛል። ኒው ዮርክ ያለው ሰኒ ሞሪስቪል ደግሞ ወደ አፈሩ ይጠጋል፤ በ2019 የጀመረው ማይነር አትክልተኝነትንና ንግድን ያጣምራል፣ ሄምፕ በማብቀልም ልምድ ያለው ግቢ ነው። ዌስተርን ኢሊኖይ የካናቢስ አመራረት ማይነር አለው። ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በ2019 ከዘር እስከ አዝመራ የሚያስተምር የአትክልተኝነት ኮርስ ሰጥቷል። ማይነር ባይሆንም፣ አንድ ጥሩ ኮርስ ከአንድ ደካማ ዲግሪ ይበልጣል።

በሄምፕ ምርምር ደግሞ ኦሬጎን ስቴት በ2019 የከፈተው ዓለም አቀፍ የሄምፕ ማዕከል አለ፤ ማስተርስና ዶክትሬት ለሚያስብ የግብርና ተማሪ ነው። ኮርኔል የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የግብርና ኮሌጁ ግን በኒው ዮርክ መንግሥት ይደገፋል። ጄኔቫ በምትባለው ከተማ፣ ከኮሌጁ የምርምር ጣቢያ ጎን፣ የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት የሄምፕ የዘር ባንክ አለ። ዘር ማዳቀል የሚወድ ሰው ይየው።

ትልልቆቹን የካሊፎርኒያ ማዕከላት በአንድ ቃል ልለፋቸው። ዩሲ ሳን ዲዬጎ ከ2000 ጀምሮ በነርቭ ሕመም ላይ ካናቢስን በሰው የሞከረ የሕክምና ምርምር ማዕከል አለው። ሥራቸው የተከበረ ነው። ግን ማዕከል እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ የሚገባበት በሕክምና ወይም በዶክትሬት ትምህርት ነው።

## በአንድ ዕይታ

| ዩኒቨርሲቲ | የሚሰጠው | እጅ የሚነካው | ለማን ይስማማል |
|---|---|---|---|
| ኖርዘርን ሚሺጋን | የመጀመሪያ ዲግሪ (2017) | የላብ መሣሪያ፣ የመድኃኒት ተክሎች | ኬሚስትሪ ለሚወድ፣ ሰፊ ሥራ ለሚፈልግ |
| ሌክ ሱፔሪየር ስቴት | የሁለትና የአራት ዓመት ዲግሪ (2019) | የላብ መሣሪያ በብዛት | በትንሽ ክፍል መማር ለሚፈልግ |
| ማይኖት ስቴት | የመጀመሪያ ዲግሪ (2019) | የላብ መሣሪያ | ምዕራብ ላለ፣ በጀቱ ለጠበበ |
| ኮሎራዶ ስቴት ፑዌብሎ | የመጀመሪያ ዲግሪ (2020) | ላብና የዕፅዋት ባዮሎጂ | ተክሉንም ኬሚስትሪውንም ለሚፈልግ |
| ሚሲሲፒ | ዶክትሬት | በፌዴራል ፈቃድ የሚበቅል ካናቢስ | ተመራማሪ መሆን ለቆረጠ |
| ሜሪላንድ | ማስተርስ (2019) | ተክልም ላብም የለም | ሥራ ላይ ላለ የጤና ባለሙያ |
| ካል ፖሊ ሃምቦልት | የመጀመሪያ ዲግሪ (2023) | የመስክ ጥናት ከማኅበረሰብ ጋር | ፖሊሲና አካባቢ ለሚያሳስበው |
| ሰኒ ሞሪስቪል | ማይነር (2019) | ሄምፕ፣ ግሪንሃውስ | ማብቀል ለሚወድ |
| ስቶክተን | ማይነር (2018) | ልምምድ በድርጅት | ሌላ ዲግሪ ለያዘ |

## ለማን የቱ?

ከሁለተኛ ደረጃ ለወጣና በቁጥር ለሚደፍር ልጅ ኖርዘርን ሚሺጋንን አስቀድማለሁ። ስሙ ሰፊ ነው፣ ትምህርቱ ጠንካራ ነው። የምዕራብ ክፍለ ሀገር ነዋሪ ከሆነ ደግሞ ፑዌብሎን ወይም ማይኖትን በልውውጥ ክፍያው አስልቶ ያወዳድር። ልዩነቱ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ሊሆን ይችላል።

በጀቱ በጣም ለጠበበ ሰው የእኔ ምክር ሌላ ነው። በምትኖሩበት ክፍለ ሀገር ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተራውን የኬሚስትሪ ዲግሪ ተማሩ፤ የትንተናዊ ኬሚስትሪና የመሣሪያ ኮርሶችን አንድም ሳታስቀሩ ውሰዱ። በበጋ አንድ የምርመራ ላብ ውስጥ ልምምድ ፈልጉ። ካናቢስ የሚል ቃል ሰርተፍኬታችሁ ላይ ባይኖርም ቀጣሪው መሣሪያውን መንካታችሁን ነው የሚያየው።

ማብቀል የሚወድ ወደ ሞሪስቪል ወይም በክልሉ ወዳለ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ይሂድ። በሕጉ ሳይታጠር እውነተኛውን ተክል ማብቀል የግድ ለሚለው ሰው ደግሞ ድንበር መሻገር ሊያስፈልገው ነው። ካናዳ ከጥቅምት 17 ቀን 2018 ጀምሮ በአገር ደረጃ ስለፈቀደች፣ ኦንታሪዮ ያለው ኒያጋራ ኮሌጅ የተባለ የመንግሥት ኮሌጅ በዚያው ዓመት የንግድ ካናቢስ አመራረት ሰርተፍኬት ከፍቶ ተማሪዎቹን ተክሉን ራሱን አስይዟል። ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ፕሮግራሙም ዲግሪ አይደለም። ግን በእጅ የሚሠራ ነው።

## ዜግነት ላልያዘ ሰው

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት፤ በሌሎች መመሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ሕግ ነው። ክፍለ ሀገሩ መፍቀዱ አያድንም። የዜግነት ጉዳዮችን የሚያየው መሥሪያ ቤት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ሥራ በክፍለ ሀገሩ ሕጋዊ ቢሆንም የፌዴራሉን ሕግ ከጣሰ «መልካም ጠባይ» የሚለውን የዜግነት መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ግሪን ካርድ ይዞ ማሪዋና ሱቅ ወይም እርሻ ውስጥ መቀጠር ቀልድ አይደለም ማለት ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰውም ልምምዱን እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ቢያደርግ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ክፍል ውስጥ ኬሚስትሪ መማር ሕግ መጣስ አይደለም። በሕጋዊ ሄምፕ ላይ መሥራትም እንዲሁ። ችግሩ የሚመጣው ከልምምዱና ከሥራው ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ልምምድን ግዴታ ካደረገ፣ በማሪዋና ድርጅት ፋንታ በሄምፕ፣ በምግብ ወይም በመድኃኒት ላብ መሥራት ይቻል እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ። የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክሩ። የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መልካም ነው፣ ግን የእናንተ ጠበቃ አይደለም።

## ስልክ ስትደውሉ

የመግቢያ ቢሮው ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ጋ ደውሉ። መምህሩን አግኙ። ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኤችፒኤልሲውን ራሱ ይነካል ወይስ ሲሠራ ያያል? በሳምንት ስንት ሰዓት? «መሣሪያው አለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የምትሠሩበት ናሙና ምንድን ነው? ሄምፕ፣ አምፑል፣ ሆፕስ? የሄምፕ ትርጉም ሲጠብብ ምን ለማድረግ አስባችኋል? አስቦበት የሚያውቅ መምህር ወዲያው ይመልስላችኋል።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ዓመት የተመረቁት አሁን የት ነው የሚሠሩት? ስም አያስፈልግም፤ የሥራውን ዓይነት ብቻ። ላብ ቴክኒሺያን፣ የማስተርስ ተማሪ፣ የጥራት ተቆጣጣሪ ካሏችሁ ጥሩ ነው። «ኢንዱስትሪው በጣም እያደገ ነው» ብለው ወሬውን ካዞሩት ደግሞ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ዩኒቨርሲቲ ደውሉ።